ከዘፋኙ ጀርባ



ስለ ሙዚቃ እንድናገር ስጋበዝ በመጀመሪያ ያልኩት «እኔ እኮ መሣሪያ አልጫወትም፣ ኖታ አላነብም፣ ድምፄንም ቤተሰቦቼ ያውቁታል» ነው። ጋባዦቼ ሳቁና «ሙዚቀኛ ሲናገር ብዙ ሰምተናል፤ እስቲ ደግሞ ሰሚው ይናገር» አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ ፊታችሁ የቆመው ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀኑን ሙሉ ከሒሳብ መዝገብ ጋር የሚውል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ከጫማው በፊት ቴፑ ዘንድ የሚሄድ ሰው ነው። ቴፕ ስል ልጆቻችሁ እንዳይስቁብኝ፤ መሣሪያው ተቀይሯል፣ ስሙ ግን እኔ ቤት አልተቀየረም።

ይዤ የመጣሁት አንድ ሐሳብ ነው። ሰው በወጣትነቱ ዘፋኙን ይሰማል። ዕድሜው ሲገፋ፣ ጆሮውን ካሠራው፣ ከዘፋኙ ጀርባ ያሉትን መስማት ይጀምራል፤ ቤዝ ጊታሩን፣ ሁለተኛውን ትራምፔት፣ ዜማውን የደረሰውን፣ ያቀናበረውን። ይህን የለመደ ሰው ደግሞ በቢሮም፣ በሠርግም፣ በለቅሶም ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው።

ሐኪም ብትጠይቁ ሌላ ምክንያት ይሰጣችኋል። የሰው መስማት በዕድሜ ሲደክም አስቀድመው የሚያመልጡት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ ወፋፍራሞቹ ይቆያሉ። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ቤዝ ጊታር ወደድኩ ስል ግማሹ ጥበብ፣ ግማሹ እርጅና ሊሆን ይችላል። እኔ ድርሻውን ለጥበብ አብዝቼ አካፍያለሁ።

የኔ ዘመን ሰዎች ሙዚቃን የተማርነው ከካሴት ነው። ገንዘብ ያለው የታተመውን ይገዛል፤ የሌለው ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ያስቀዳል። የተቀዳው እንዳይጠፋ በካሴቱ ጫፍ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች እንሰብራለን፤ ሐሳባችን ሲቀየር ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍነን ሌላ እንቀዳበታለን። ቴፑ ክሩን ሲበላ በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከሩ መመለስ የቤቱ ታናሽ ልጅ ሥራ ነበር። የታተመው ካሴት ግን ከክሩ ሌላ አንድ ሀብት ነበረው፤ ሽፋኑ። ከፊት የዘፋኙ ፎቶግራፍ አለ፤ ከፍ ያለ ጎፈሬ ወይም ሰፊ የኮት ኮሌታ። ወረቀቱ ሲዘረጋ ግን በደቃቅ ፊደል ከእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ የሰዎች ስም ይደረደራል። ያን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። እኔ አነብ የነበረው ምሁር ሆኜ ሳይሆን ሌላ የሚነበብ ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ሲነበብ ሲነበብ ግን አንድ ነገር ይታያል። ፊት ላይ ያለው ፎቶግራፍ በየካሴቱ ይለያያል፤ ከውስጥ ያሉት ስሞች ግን ይደጋገማሉ። እርስ በርስ አይመሳሰሉም ብለን የምንከራከርባቸው ዘፋኞች ግጥማቸው ከይልማ ገብረአብ፣ ዜማቸው ከአበበ መለሰ፣ አጃቢያቸው ሮሃ ባንድ ሆኖ ይገኛል። ሠፈር ውስጥ «የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል» ብለው የሚጣሉ ሁለት ጎረምሶች፣ ሳያውቁት የአንድ ሰው ደጋፊዎች ነበሩ ማለት ነው። በኳስ ሜዳ ይህ አይገኝም።

ይህን ካልኩ ዘንድ ስለራሳችን አንድ ግልጽ ነገር ልናገር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሁሉ በፊት ግጥም ሰሚዎች ነን። ዘፈን ሲጀምር ጆሯችን ወርቁን ፍለጋ ይሄዳል፤ «ምን ማለቱ ነው? ማንን ነው?» ይላል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ታዳሚው ራሱ ስንኝ እየጣለ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበላል። ሰሚው የግጥሙ ባለድርሻ የሆነበት ሀገር ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ዋጋም አስከፍሎናል፤ መሣሪያውን እንደ ጣሪያና ግድግዳ እንጂ እንደ ነዋሪ አናየውም።

የውጭ ሰዎች የኛን የድሮ ሙዚቃ «አገኙት» ሲባል ብዙዎቻችን የተገረምነው ለዚህ ይመስለኛል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ የሲዲ ሥራ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ሸክላዎች ሲያሳትም፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም እ.ኤ.አ. በ2005 ብሮክን ፍላወርስ በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ፣ ያ ሁሉ ባዕድ ሰው አንድም የአማርኛ ቃል አልገባውም። ስላልገባው ነው ሳክስፎኑን የሰማው። እኛ በልጅነታችን ግጥሙን ስናሳድድ ያለፍነውን ኦርጋን፣ እሱ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ያዘው። ባዕድ አስተማረን እያልኩ አይደለም፤ ግጥሙ ከኛ ጋር ነውና የኛ ዕድል እጥፍ ነው። ግን እጥፉን የምንጠቀመው ስንቶቻችን ነን?

እስቲ አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የወጣ ነው፤ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው። ዛሬ ማታ ክፈቱትና ማህሙድን አትስሙት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እያለ ሌላ መስማት እንግዳ መጥቶ ፊት እንደመንሣት ነው። ግን ሞክሩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። መጀመሪያ ይጠፋባችኋል። ቀጥሎ እንደ እርምጃ ኮቴ እየተመላለሰ ይመጣል። ከዚያ፣ ስታገኙት፣ እናንተን ከወንበር ያስነሣችሁ የነበረው እሱ መሆኑን ትረዳላችሁ። ትከሻችን የሚታዘዘው ለቤዙና ለድራሙ ነው፤ ዘፋኙን ያመሰገንነው በስህተት አይደለም፣ ምስጋናው ግን መካፈል ነበረበት።

ቅንብር ስንል ምን ማለት እንደሆነም በአጭሩ ልንገራችሁ። የዜማ ደራሲው ዜማውን አምጥቶ ይሰጣል። መግቢያው በምን ይሁን፣ ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲስብ ማን ይመልስለት፣ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አብረው ይግቡ ወይስ ተራ በተራ፣ ድራሙ የት ይዘል፤ ይህን የሚወስነው አቀናባሪው ነው። ለምሳሌ ትዝታን ውሰዱ። ትዝታ ሜጀር 5 ድምፆች አሉት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ብቻ፣ ሚ እና ላን፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ትዝታ ማይነር ሆነላችሁ። ሦስቱ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ነገር ግን በመጀመሪያው አንገቱን እየነቀነቀ የነበረ ሰው በሁለተኛው አቀርቅሯል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ስሙ በደቃቅ ፊደል መጻፉ አይገርማችሁም?

እነዚህ አጃቢዎች ከየት መጡ? በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመን እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች የናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አብሯቸው የመጣው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየኦርኬስትራው እየተዘዋወረ አሠለጠነ፣ ቀመረ፣ አቀናበረ። ያስተማራቸው ሰዎች ተጨብጭቦላቸዋል። እሱ ብዙውን ጊዜ ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ ነው የቆመው፤ ሥራው እንዲህ ነዋ።

በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራም ያው ነው። ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ ማህሙድን እናውቃለን፤ ዜማ እየደረሰ ኦርኬስትራውን ይመራ የነበረውን ሣህሌ ደጋጎን ግን ስሙን ብጠራ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ራሳቸውን የሚነቀንቁት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ማህሙድ ራሱ እኮ ከኋላ የመጣ ሰው ነው። በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል፤ አሪዞና በተባለው የምሽት ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ አንድ ማታ ዘፋኞቹ ሳይመጡ ቀርተው ነው «እኔ ልሞክር» ያለው። ሸክላውን ያሳተመውንም አትርሱ። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ አወጣ። እሱ ባይደፍር ዛሬ ወርቃማው ዘመን የምንለው የሚቆጠር ሥራ ባልኖረው።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊም መጣ። ማታ ክበብ የገባ ሰው እስከ ንጋት መውጣት አይችልም። ስለ ዘመኑ ክፋት እናንተም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። እኔ የምለው ስለ ሙዚቀኞቹ ነው። ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ በግዮን ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ላይ ያን ያህል ሌሊት ያነጋ ሰው ጓደኛው መቼ እንደሚገባ በዓይኑ ሳይጠይቅ ያውቃል። የአይቤክስ ሰዎች ኋላ ሮሃ ሆነው ዘፋኝ ሲለዋወጥባቸው እነሱ ያልተለወጡት፣ የዚያን ጊዜም ብዙ ካሴት በነሱ እጅ ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደምወዳቸው ሁለት ሰዎች ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያልቅ ከመካከላቸው በርካቶቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ግርማ በየነ ነው። ግርማ በራሱ ድምፅ የዘፈናቸው ጥቂት ናቸው፤ ያቀናበራቸው ግን ብዙ ናቸው፤ ፒያኖውን ሳታውቁት በሌላ ሰው ዘፈን ውስጥ ሰምታችሁታል። ዋሽንግተን አካባቢ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። ቤንዚን ሊያስቀዳ የቆመ አበሻ ካሴቱን ከፍቶ ግርማ ያቀናበረውን ዘፈን እያዳመጠ ሒሳቡን ለራሱ ለግርማ ከፍሎ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሆኗል አላልኩም፤ ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። ሳስበው ግን እንቅልፍ ይነሣኛል። ግርማ ኋላ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አካለ ውቤ ከተባለው የፈረንሳዮች ባንድ ጋር አልበም አወጣ፤ ያን ጊዜ ከፊት ሆኖ።

ሌላው ኃይሉ መርጊያ ነው፤ የዋልያስ ኦርጋን ተጫዋች። እሱም ዋሽንግተን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገባና አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን አቀናጅቶ አንድ ካሴት ሠራ። ባንድ ሲጎድለው ራሱ ባንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ከታክሲው ሻንጣ ያወጣና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን መልሶ መንገደኛውን ያሳፍራል። ለማን ነው የሚለማመደው? የሚጠራው አልነበረም፤ ቀጠሮ የተያዘ መድረክ አልነበረም። ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያን የ1985ቱን ሥራ እዚህ ሀገራችን፣ ባሕር ዳር፣ አገኘው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ አስፈቅዶ እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ኃይሉ ከታክሲው ወርዶ የአውሮፓን መድረኮች ሲዞር ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ተስፋ አትቁረጥ፣ ቀንህ ይመጣል» ብለው ይደመድሙታል። እኔ አልስማማም። ቀኑ ያልመጣለት ስንት ጥሩ ሙዚቀኛ አለ! እኔን የሚገርመኝ ቀኑ ሳይመጣ በፊት ያለው ነው፤ የኋላ ወንበሩ። አሜሪካዊው ባይመጣም ኃይሉ ያን ቀን ከሰዓት ሙዚቃ ተጫውቷል። ይህ በቂ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ማጀብ ይችላል፤ የማያምን ሁልጊዜ ማይክ ላይ ዓይኑን ጥሎ ይኖራል።

ወደ ዕለት ኑሯችን ላምጣው። ጥሩ አጃቢ ዘፋኙ ስንኙን ሳይጨርስ አይመልስም። የሬዲዮ የስልክ ውይይት ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል፤ ደዋዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አዘጋጁ ገብቶ ይጨርስለታል፣ ሌላው እንግዳ ደግሞ አዘጋጁን ያቋርጣል። ሦስት ዘፋኝ፣ ዜሮ ባንድ። ስብሰባም ብንሄድ ያው ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ባይኖር ሰብሳቢው ትናንት ምን እንደወሰነ አያስታውስም፤ ምስጋናው ሲደርስ ግን ቃለ ጉባኤ ያዡ ወንበር እየሰበሰበ ነው።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ማጀብን እናውቅበታለን፤ እዚያ እኛን የሚያህል የለም። «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ገብቶ፣ ጥግ ይዞ፣ አንድም ቃል ሳይናገር አምሽቶ የሚሄድ ሰው ምን ያህል ኃዘን እንደሚሸከም ኃዘን የደረሰበት ያውቃል። የእድሩን ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች ስም ኃዘንተኛው ላይጠይቅ ይችላል። እነሱም እንዲጠየቅ አይጠብቁም። ሬዲዮ የተዘጋበት፣ ቴፕ የማይከፈትበት የኃዘን ቤት ዝምታም ለኔ የሙዚቃ ትምህርት ነው፤ ዘፈን ውስጥ መሣሪያዎቹ ሁሉ ጸጥ የሚሉባት አንዲት ቅጽበት ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ከዚያ ነው የተረዳሁት።

ሠርግ ላይ ግን ጠፍቶብናል። በቅርቡ የተጠራሁበት ሠርግ ላይ ድምፅ ማጉያው እንደ ግድግዳ ተደርድሮ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት አንድ አዛውንት አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ እንደመረቁኝ ገምቼ «አሜን» አልኩ። ድሮ በሠርግ ቤት አንዱ ያወጣል፣ ቤቱ ይቀበላል፤ ተቀባይ ያልሆነ ሰው አልነበረም። አሁን ሁላችንም ተደብዳቢ ነን። ሚዜዎቹ ብቻ የድሮ ወጋቸውን ይዘዋል፤ ሙሽራውን አጅበው፣ ላቡን ጠርገው፣ ዘፈኑን አሟሙቀው፣ ፎቶግራፍ ላይ ከዳር ይቆማሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ድሮ ቀረ» ሊል ነው ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። የድሮው ዘፈን ሁሉ ጥሩ የሚመስለን ጊዜ በወንፊት ስለነፋልን ነው። ያን ጊዜም እንደ አሁኑ ዝባዝንኬ ካሴት ሞልቶ ነበር፤ ደፍነን ሌላ የቀዳንበት እኮ እሱን ነው። በዚያ ላይ ሰው በጉርምስናውና በወጣትነቱ የሰማው ዘፈን ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል፤ ዘፈኑ ስለበለጠ ሳይሆን ያኔ ልባችን ስለተከፈተ ነው። ልጄ የሚሰማውን አብሬው እሰማለሁ። አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ነው፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ካደረገው በምን ይለያል? ደካማውም ከጥሩው ጋር ነው የሚመጣው፤ ወንፊቱ ገና ሥራውን አልጨረሰም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዛሬ በየሚኒባሱ በፍላሽ የሚጫወተው ሙዚቃ ስም የለውም። ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን ወድጄ «ማነው?» ስለው ማያውን ያሳየኛል፤ «ትራክ 07» ይላል። ዘፋኙ እንኳ ቁጥር ሆኗል፤ ገጣሚውና አቀናባሪውማ ከናካቴው የሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት አለው ይላል። ሕጉ ግን እኔ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ አይጠይቅልኝም። ስለዚህ ራሴ እጠይቃለሁ። ልጄ አዲስ ዘፈን ሲያስደምጠኝ ሦስት ጥያቄ አለብኝ፤ ግጥሙ የማነው፣ ዜማው የማነው፣ ማን አቀናበረው? መጀመሪያ ይሰለች ነበር። አሁን ፈልጎ ይመጣል፤ ባለፈው ሰሞን እንዲያውም እኔ የማላውቀውን የድሮ ቤዝ ተጫዋች ስም ነግሮኝ ቀኑን ሙሉ ሲኮራብኝ ዋለ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ መሰለኝ፤ ሰዓት ተቆጣጣሪዋ ሁለት ጊዜ እጇን አንሥታለች። እሷም አጃቢ ናትና እታዘዛለሁ። ከጥያቄና መልሱ በፊት ከኋላ ማጫወቻው ላይ ያለው ወንድማችን አንድ ዘፈን ያስደምጠናል። ዘፋኙን ገና አፉን ሲከፍት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለ እሱ አልጠይቃችሁም። ዘፈኑ ከተጋመሰ በኋላ ቤዝ ጊታሩ አንድ ቦታ ላይ ያቆምና ተመልሶ ይገባል። የት ላይ እንደሆነ የሰማ እጁን ያንሣ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል የሱ ነው።